ሲስተም የት ሄደ?

ባለፈው ክረምት፥ ለቡ ውስጥ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ተራዬን ስጠብቅ ሳለሁ፥ ሠራተኛው በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሲስተም የለም» አለን። ከፊቴ የቆሙ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፥ «ልጄ፥ የት ሄዶ ነው? ሩቅ ከሄደ ንገረኝና ልመለስ» ቢሉ ሁላችን ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ የልጅ ልጃቸውን ወረቀት ሳይዙ፥ የታክሲ ገንዘባቸውን ከስረው፥ በዝናብ ተመለሱ።

ፕሮግራሙን ካዘጋጁት ወጣቶች አንዱን የማውቀው ስለ ሆነ ቆይቼ ጠየቅሁት። ነገሩ እንዲህ ኖሯል። የአድራሻን አጻጻፍ የምትመረምር ትንሽ ክፍል ከሌላ ሰው ሥራ በነፃ ተወስዳ ገብታለች። ይህች መርማሪ ቃሉ አልገጥም ሲላት በሌላ አከፋፈል እንደገና ትሞክራለች፤ አንድ ፊደል በተጨመረ ቍጥር ሙከራው እጥፍ ይሆናል። አንድ 30 ጊዜ በእጥፍ ሲያድግ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል። በዚያን ዕለት አንድ ሰው ረዥም የተበላሸ ቃል ስለ ጻፈ ማሽኑ እርሱን ሲመረምር ሌላውን ሁሉ አቆመ። ሌባ አልገባም፥ የተሰረቀም የለም፤ በሩ ብቻ ተዘጋ።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች የተዋሱት ሎግ ፎር ጄ የተባለው መዝጋቢ፥ ራሱን መልሶ የሚጠራ ጽሑፍ ሲደርሰው ማብቂያ በሌለው ዙር ገብቶ እንደሚወድቅ ታወቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ከለርስ የተባለውን ክፍል የሠራው ሰው፥ ታላላቅ ኩባንያዎች በነፃ ድካሙ መጠቀማቸውን ሲያማርር ቆይቶ፥ እንዲህ ያለውን ዙር በገዛ እጁ አስገባበት፤ አዲሱን እትም ሳይመረምሩ የተቀበሉም ብዙዎች ተሰናከሉ።

አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ይሁን እንጂ ሳልዋስ ልሥራ የሚል የዛሬ ባለሙያ ከመሠረቱ አይወጣም። ነውሩ መዋሱ ሳይሆን የተዋሱትን አለመቍጠሩ ነው። የትውስቱን ዝርዝር መያዝ፥ እርማት ሲወጣ መርምሮ መቀበል፥ ለቃሉ ርዝመትና ለምርመራው ጊዜ ወሰን ማበጀት ከባድ ጥበብ አይደለም።

በእኒያ እናት ጥያቄ መሳቄ ዛሬ ያሳፍረኛል። «የት ሄደ?» ብለው የጠየቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኛ ተማርን ባዮቹ ግን ገና ሲገባ «ከየት መጣ?» ብለን አልጠየቅንም።