ትሉንስ ገደልነው፤ ውኃውንስ?

ከዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት ወይም ስለ ጦርነት ሐተታ የሚጠብቅ አንባቢ ዛሬ ስለ ትል መጻፌን ሲያይ ግር ይለው ይሆናል። ትዕግሥቱን እለምናለሁ። ትል የምለው የፖለቲካ ባላንጣን ለማዋረድ በየአደባባዩ የሚወረወረውን ስድብ አይደለም፤ በውኃ ውስጥ የሚርመሰመሰውን እውነተኛውን ፍጥረት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ትንሽ ፍጥረት የምንዋጋበት መንገድ አገራችን ችግሮቿን ሁሉ የምትዋጋበትን መንገድ አጉልቶ የሚያሳይ መስሎ ስለ ታየኝ ብዕሬን አነሣሁ።

ልጄ አኳሪየም የሚሉትን የመስተዋት የዓሣ ገንዳ በቤታችን ካስቀመጠ ዓመት አልፎታል። ከጥቂት ወራት በፊት በመስተዋቱ ላይ እንደ ነጭ ክር የቀጠኑ ትሎች ሲሳቡ ታዩ። ልጁም «አባዬ፣ የሚገድላቸው መድኃኒት የት ይገኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ሙያዬ ሥነ ሕይወት ባይሆንም ጉዳዩን አገላብጬ አነበብሁ። መድኃኒትስ አለ፤ ለበግና ለከብት የሆድ ትል ከሚሰጡት መካከል በዓሣ ገንዳ ውስጥም የሚሠሩ ይገኛሉ። ነገር ግን እነዚህ ክር መሰል ትሎች በአብዛኛው ዓሣውን የሚነኩ አይደሉም። የሚኖሩት ከታች በተነጠፈው ጠጠር መካከል ሲሆን የሚበሉትም ከዓሣው የተረፈውን ምግብና ኩሱን ነው። ምግቡ ሲበዛ ይበዛሉ፤ ከሥር አየር ሲያጥራቸው ደግሞ መስተዋቱን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። እኛ «ትል መጣ» ስንል እነርሱ «ቤታችሁ ቆሽሿል» እያሉን ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ትሎቹን በአንድ ቀን በመድኃኒት የፈጀ ሰው በድናቸው በውኃው ውስጥ ይበሰብስበታል፤ ከብስባሹ የሚወጣው አሞኒያም ሊያድናቸው የፈለጋቸውን ዓሦች ይገድልበታል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ ምግቡን መቀነስ፣ በጠጠሩ ውስጥ የተቀበረውን ዝቃጭ በቀጭን ቱቦ መምጠጥ፣ በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን ያህል መለወጥ። በሳምንታት ውስጥ ትሎቹ ራሳቸው ይመናመናሉ።

ይህ ሁሉ የከተሜ ሰው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ዘመዶቼም እስከ ሞጣ ድረስ የተበተኑ ናቸው። በውኃ ውስጥ ስላለ ትል ያወቅሁት በመስተዋት ገንዳ አይደለም። የቢቸና ዋልካ አፈር ለጤፍ የተባረከ ነው፤ ክረምት ሲሆን ግን ውኃ አቁሮ ይይዛል። ከኩሬ ውኃ የጠጣ በሬ አፍንጫው ውስጥ አልቅት ተጣብቆበት ደም ሲያነጥብ ማየት ለእኛ ብርቅ አልነበረም። አባቶቻችን ትምባሆ በጥብጠው በአፍንጫው ያፈስሱለትና አልቅቱን ያስለቅቁት ነበር። ነገር ግን በትምባሆው ብቻ አልቆሙም። ከምንጩ ዓይን የሚቀዳው ሰው ብቻ ነው፤ ከብት የሚጠጣው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ደግሞ ከሁሉም በታች ነው። ይህን ሥርዓት የጣሰ እረኛ ከማንም አልፎ ሂያጅ ሽማግሌ ቁጣና አርጩሜ ይቀምስ ነበር። እናቶቻችንም ውኃውን በንጹሕ ነጠላ አጥልለው ነበር ወደ እንስራው የሚጨምሩት። በጽሑፍ የሰፈረ የውኃ ፖሊሲ አልነበረም፤ ውኃው ግን ባለቤት ነበረው።

ባለፈው ዓመት ሞጣ የምትኖር አክስቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ሮቶው ውስጥ ቀይ ትል ፈላብኝ፤ ምን ልጨምርበት?» አለችኝ። ጥያቄዋ ከልጄ ጥያቄ ጋር አንድ መሆኑ ገረመኝ። ሁላችንም የምንጠይቀው ምን እንደምንጨምር ነው። ያ ቀይ ትል በእውነቱ ትል አይደለም፤ የትንኝ ዕጭ ነው። ትንኟ በተከፈተ ክዳን ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ዕጩም ከሥር በረጋው ዝቃጭ ውስጥ ያድጋል። ቀይ ያደረገው እንደ እኛው ደም ያለ ሄሞግሎቢን ነው፤ በዚህም አየር ባጠረው ዝቃጭ ውስጥ መኖር ይችላል። ስለዚህ ቀዩን ትል ያየ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል፤ ክዳኑ ክፍት ነው፤ ከሥሩም ደለል ተኝቷል። አክስቴ ሮቶውን አስፈልፍላ አሳጠበች፤ ክዳኑን ገጠመች፤ የአየር ማስወጫውን በወንፊት ሸፈነች፤ ትሉም ጠፋ። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። በአገራችን ከተሞች ሰው ውኃን ለሳምንት የሚያጠራቅመው ወድዶ ነውን? ውኃ በፈረቃ ባይመጣ ኖሮ ደለል የሚያጠራቅም ሮቶ በየግቢው ባልተገተረ ነበር።

ከጎጃም ወጣ ብለን ወደ ጋምቤላ ብንሄድ ደግሞ ታላቅ ምስክር እናገኛለን። ጊኒ ዎርም የሚባለው ትል ወደ ሰው የሚገባው በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ የውኃ ቁንጫዎችን ከኩሬ ውኃ ጋር በመጠጣት ነው። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እስከ 1 ሜትር ድረስ ረዝሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር፣ ቆዳ ቀድዶ ይወጣል፤ ሕመምተኛው እግሩን ውኃ ውስጥ ሲነክር ዕጮቹን እንደ ገና ወደ ኩሬው ይለቃል። ለዚህ በሽታ ክትባት የለውም፤ የሚፈውስ መድኃኒትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሚያዙ ይገመት ነበር፤ በ2024 ግን በመላው ዓለም የተመዘገቡት 15 ብቻ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ አንድም ሰው የለባቸውም። ትሉ በጋምቤላ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ በመታየቱ ሥራው አልተጠናቀቀም። ቢሆንም ልብ በሉ፤ ይህን ያህል ድል የተገኘው ውኃን በጨርቅ በማጥለል፣ ሕመምተኛ ወደ ኩሬ እንዳይገባ በመከልከል፣ ኩሬውን በማከምና በየመንደሩ ሳይታክቱ በመከታተል ነው። የእናቶቻችን ነጠላ ዓለም አቀፍ ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠኑ ዓይናቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በእንዶድ ነጠላ ያጠበች የቢቸና እናት ሁሉ የያዘችው ዕውቀት ዳርቻ ነበር፤ እርሳቸው ግን ውኃውን መመልከት ስለ ቻሉ ሳይንስ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሆድ ትል መድኃኒት በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች ሲታደል ቆይቷል። ሥራው መልካም ነው፤ ይቅር የሚል ሰው ቢኖር ልጅ በወስፋት ሲሰቃይ አላየም እላለሁ። ነገር ግን ኪኒኑ በሆድ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ በአፈርና በውኃ ያለውን እንቁላል አይነካም። አንዲት የወስፋት እንስት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ትናንት ኪኒን የዋጠ ልጅ ዛሬ መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ ወደሌለበት ግቢ ከተመለሰ፣ የገደልነው ትል ተተኪውን በደጅ አስቀምጦ ነው የሞተው።

ታዲያ ስለ ምን በኪኒኑ እንበረታለን፣ በውኃው እንሰንፋለን? መልሱ ፖለቲካዊ ነው። የታደለ ኪኒን ይቆጠራል፤ በሪፖርት ይሰፍራል፤ ይጨበጨብለታል። የጎለበተ ምንጭም ቢሆን በተመረቀበት ቀን ይቆጠራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ምንጭ ይፈስስ እንደሆነ፣ አጥሩ ቆሞ እንደሆነ፣ የቦኖው መፍቻ በማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅ ሪፖርት ግን እምብዛም አይታይም። ሹም የሚሾመው ለመመረቅ ነው፤ ለመጠገን የሚሾም የለም። ዘመቻ ጀግና ያወጣል፤ ጥገና ግን ጀግና የለውም። በሙስናም፣ በሥራ አጥነትም፣ በጸጥታም ላይ የያዝነው ልማድ ይኸው ነው፤ ትሉን እንገድላለን፣ ዝቃጩን እናቆያለን፣ በድኑም እንደ ገና ውኃውን ይመርዛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተቀጣጠለው ጦርነት ደግሞ መለዋወጫ የያዘ ባለሙያ በሰላም ተጉዞ ፓምፕ እንዳይጠግን እንቅፋት ሆኗል። የተኩሱን ድምፅ ሁሉም ይሰማዋል፤ የቆመ ፓምፕ ግን ድምፅ የለውም።

ከጮቄ ሥር ተቀምጠን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለ ተራራ ወንዞች ወደ ዓባይ ሲወርዱ እያየን፣ ንጹሕ ውኃ የምንለምን ሕዝብ ነን። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ያሉ አባቶች ምክራቸውን ለጌጥ አልተዉልንም። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መድረክ ላይ የሚወጣው ሹም ስንት ኪኒን እንደ ታደለ ሲነግርዎ ያጨብጭቡ፤ ከዚያም እጅዎን አውጥተው አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀው ምንጭ ዛሬ ይፈስሳልን? ጠባቂውስ ማን ነው?»

ቸር ይግጠመን።