ቆሞ የማይቆጠር

አንድ ቀራሮ ተገንድሶ ጣውላ ሲሆን መጋዝ ሳቢው ይከፈለዋል፣ ጭነት መኪናው ነዳጅ ይቀዳል፣ ሚዛን ከተማ ያለው እንጨት ነጋዴ ይሸጣል፣ ግብር ይከፈላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ውስጥ ይገባል። ያው ዛፍ ዕድሜውን ሙሉ ቡናውን ሲያጠል፣ ንቡን ሲያስጠጋ፣ ምንጩን ሲጠብቅ የኖረው ግን በዚያ ስሌት ከቁጥር አይገባም። የብሔራዊ ገቢን አቆጣጠር ካበጁት ሰዎች አንዱ ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ ባቀረበው ዘገባ የአንድን አገር ሕዝብ ደኅንነት ከገቢው መጠን ብቻ ማወቅ እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። ዓለም መለኪያውን ወስዶ ማስጠንቀቂያውን ተወው።

*

74110፣ 74112። የቡና ገበሬ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ከብት ስም ለምዶ ይጠራቸዋል። 74 የሚለው ዘሩ የተመረጠበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳውን ማጥቃት ጀምሯል። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም እናት ዛፍ ፍለጋ ወደ ደቡብ ምዕራቡ ጫካ ገቡ፤ አገኙም። ዛሬ ከጅማ እስከ ቴፒ በየማሳው የቆመው አብዛኛው የተሻሻለ ዘር መነሻው ያ ፍለጋ ነው። ያን ጊዜ ጫካው ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ የሚፈለግበት ቦታ አይኖርም ነበር።

ላርስ ሃይን እና ፍራንዝ ጋትስቫይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ ጫካ ቡና የዘር ሀብት ስንት እንደሚያወጣ አሰሉ። የወደፊቱን ጥቅም በየዓመቱ 5 በመቶ እየቀነሱ ሲያሰሉ 1.458 ቢሊዮን ዶላር ሆነ፤ 10 በመቶ ሲቀንሱ 420 ሚሊዮን። ጫካው ያው ጫካ፣ ቡናውም ያው ቡና ነው። ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የጠፋው ለልጆቻችን ዘመን የሰጡት ክብደት ስላነሰ ብቻ ነው። ለባለሀብት መሬት ሲመራ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ስሌት የትኛውን ቅናሽ እንደሚጠቀም የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር እመኛለሁ።

*

ጌሻ የሚባለው የቡና ዘር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ተለቅሞ ወጣ። በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማው የቡና ውድድር አሸንፎ ከዓለም ውድ ቡናዎች አንዱ ሆነ። ዘሩን በጫካቸው ጠብቀው ላቆዩት ቤተሰቦች ከዚያ ዋጋ የደረሳቸው ነገር የለም።

*

ቴፒ ዝንጅብልን ታስታውሳለች። ዋጋው ጥሩ በነበረበት ጊዜ ዛፉም እንሰቱም እየተነሣ መሬቱ ዝንጅብል ለበሰ። የዞንና የወረዳ ሪፖርቶች በየዓመቱ የሚያድግ ምርት ጻፉ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ መጣና ማሳውን ባንድ ወቅት አወደመው። ባክቴሪያው ከአፈሩ ስለማይለቅ ብዙ ገበሬ ያንኑ መሬት መልሶ ዝንጅብል ሊተክልበት አልቻለም። በጓሮው እንሰት፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ኮረሪማና ጥምዝ፣ ከጫካው ማር ይዞ የቆየው ገበሬ ግን አልተራበም። በደጉ ዓመት የእሱ ስም በሞዴል አርሶ አደርነት አልተነሣም ነበር።

*

በሸካ ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ። ጫካው በድንበር ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ቀፎ የሚሰቅልበት የታወቀ ባለመብት አለው፤ መብቱ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ባለ ኮቦው መሬቱን አይሸጥም፤ ሌላ ሰውም በእሱ ዛፍ ላይ ቀፎ አይሰቅልም። ከዛፉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ በልጥና በቅጠል የተሸፈነው ረጅም ቀፎ ከከፍተኛው ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሟል፤ ግንዱ ላይ የሚወጣው ሰው በገመድ እየተሳበ ያለፈበት ቦታ ተልጦ ይታያል። ገተማ የሚባለው ዛፍ ካላበበ ነጩ ማር የለም። ስለዚህ ገተማውን የሚቆርጥ ሰው ከባለ ኮቦው ጋር ይጣላል። መንግሥት ዘበኛ ሳይቀጥር ጫካው ዘበኛ ነበረው። ዩኔስኮ የሸካን ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ መዝገቡ የሚያወድሰው ደን እስከዚያ ድረስ የቆየው ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሰዎች ሕግ ነው።

*

ከቴፒ ብዙም በማይርቀው ጎደሬ ለአንድ የህንድ ኩባንያ 3,012 ሄክታር ለሻይ ልማት ለ50 ዓመት ተሰጠ። መሬቱ የማጃንግ ሕዝብ የማር ጫካ ነበር። ሽማግሌዎቹ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት አሉ፤ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጫካው እንዲተርፍ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ኮንትራቱን አላስቆመም። የአገር ርእሰ ብሔር የጻፈው ደብዳቤ ካልበቃ፣ የማጃንግ ሽማግሌ ምን ይዞ ይሟገት?

*

ሸኮ ውስጥ ባለው የኮንቲር ብርሃን ጫካ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር የደን አጠባበቅ ውል ተፈራርሟል። አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚሉት ነው። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የማኅበረሰብ ደንን በስሙ አውቆለታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕጉ ገበሬውን በገዛ ጫካው እንደ ሌባ ማየት እንዲያቆም መሠረት ጥሏል።

ግን ሁላችንም ልናየው የሚገባ ነገር አለ። ቡና ዋጋ ሲያወጣ ምንጣሮው ይበረታል። በደንብ ከተመነጠረ ቡና ሥር ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን ፈልጉ፤ የቀራሮ ችግኝ የለም፣ የዋንዛ ችግኝ የለም፣ የሳሳ ችግኝ ጥቂት ቢገኝ ነው። ገጀራው ከአረሙ ጋር ወስዷቸዋል። ከላይ ቀና ስትሉ ግርማ ሞገስ ያለው ጥላ አለ፤ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ነው። ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶ ይህ ቦታ ደን ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ለጫካ ቡና የሚከፈል ተጨማሪ ዋጋ ብቻውን ጫካውን አያድንም። በውሉ ውስጥ በየዓመቱ ሳይመነጠር የሚተው ክፍል፣ ለዚያም ለገበሬው የሚከፈል ገንዘብ መኖር አለበት።

*

በሐምሌና በነሐሴ ቤት ውስጥ ብር አይገኝም። ያን ጊዜ ቡናውን ገና ሳይቀላ የሚሸጥ አባወራ ብዙ ነው። ነጋዴው ብሩን ይሰጣል፤ በጥቅምት እሸቱን ይለቅማል። ዋጋው ከገበያው በጣም ያነሰ ነው። ይህን ሰው የሚያድነው በዓመት ስንት ኩንታል ጨመረ የሚለው አይደለም፤ ለሁለት ወር የሚያሻግር ብድር ነው። ሚዛን ያለው የጫካ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በዚህ ላይ ቢበረታ በእኔ ግምት ከአዲስ ተከላ ይልቅ ብዙ ቤት ያቀናል።

*

ዕድገት ይብቃ የሚሉ ምሁራን በአውሮፓ በርክተዋል። ለጠገበ አገር ትክክል ናቸው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ጭቃ ለጭቃ የምትወሰድበት ቀበሌ ግን መንገድ ማደግ አለበት፣ ጤና ጣቢያ ማደግ አለበት፣ መብራት ማደግ አለበት። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ የሚያድገው ነገር ይለይ። ለጤና ጣቢያው ብር ለማግኘት ምንጩን የሚያደርቅ ልማት ቢመጣ፣ ጤና ጣቢያው ለውኃ ወለድ በሽታ ይሠራል።

*

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ደንግጓል፤ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ይመዝገብ ይላል። ዓላማው መልካም ነው። ማሳውን ለመመዝገብ የሚያስፈልገው የስልክ፣ የባለሙያና የጊዜ ወጪ ግን በመጨረሻ የሚወርደው ግማሽ ሄክታር ባላት መበለት ላይ ነው። የሰፋፊ እርሻዎች ካርታ ዝግጁ ነው። ቡና ገዢዎቹ ጫካውን ከፈለጉት የምዝገባውን ወጪ እነሱ ይክፈሉ።

*

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ተመሠረተ። ገና ልማዱን እያበጀ ያለ ክልል ነው። በየዓመቱ ለማዕከላዊ ገበያ ያቀረበውን ቡና በቶን ይዘግባል። በዚያው ሪፖርት፣ በዚያው ገጽ፣ በዓመቱ ስንት ሄክታር ደን እንዳጣ፣ ስንት ምንጭ እንደደረቀ፣ በስንት የደን ማኅበር ክልል ውስጥ የቀራሮ ችግኝ እንደተገኘ ይጻፍ። ቆጣሪዎቹ አሉ፤ በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ አለ፣ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም አለ። የሚጎድለው የሚያዛቸው ሰው ነው።