ሁለተኛው ኮከብ

አንድ ኮከብ ብቻውን የቆምንበትን ስፍራ አይነግረንም። ከፍታውን ለክተን ሰዓቱን በትክክል ብናውቅ፣ ኮከቡ አናት ላይ ከሚታይበት የምድር ነጥብ ምን ያህል እንደራቅን ብቻ እንረዳለን። በዚያ ርቀት ያለው ስፍራ ሁሉ በምድር ላይ ትልቅ ክብ ይሠራል፤ በእኛ አካባቢ ያለው የክቡ ቁራጭ በካርታ ሲሣል ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። እኛም ከመስመሩ ላይ አንድ ቦታ አለን። ነጥቡን ለማግኘት ሌላ ኮከብ፣ ሌላ መስመር ያስፈልጋል።

መርከበኞች ይህን ቀድመው ያውቁ ነበር። አብራሪዎችን የቸገራቸው አድማሱ በደመናና በጭጋግ መሰወሩ ነው። ፖርቱጋላዊው የባሕር ኃይል መኮንን ጋጎ ኩቲኞ ለሴክስታንቱ ሰው ሠራሽ አድማስ አበጀለት። እ.ኤ.አ. በ1922 ከሳካዱራ ካብራል ጋር ደቡብ አትላንቲክን ሲያቋርጡ፣ ከኬፕ ቨርዴ ተነሥተው 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ላይ በረሩ። መድረሻቸው በውቅያኖስ መካከል የተጣሉ ጥቂት ቋጥኞች ነበሩ። ነዳጃቸው ሊያልቅ ሲል አገኟቸው። ውኃው ላይ ሲያርፉ አውሮፕላናቸው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ስሌታቸው ግን ትክክል ነበር።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ አሚሊያ ኤርሃርትና መንገድ መሪዋ ፍሬድ ኑናን በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ሃውላንድ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ፈለጉ። ከመጨረሻ መልእክቶቿ በአንዱ በመስመር 157–337 ላይ እንደሚገኙ አስታወቀች። መስመሩ ከማለዳ ፀሐይ የተለካ እንደነበር ይታመናል። ፀሐይ ስትወጣ ከዋክብት ይጠፋሉ፤ የቀረው አንድ ብርሃን፣ አንድ መስመር ነው። ደሴቲቱን ሳያዩ ጠፉ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ራሴን አስባለሁ። ከአገሬ ከወጣሁ 19 ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ የለካሁት ከአንድ ነጥብ፣ ከእናቴ ቤት ነው። በየእሑዱ በስልክ «የት ደረስህ ልጄ?» ትለኝ ነበር፤ የምመልስላትም ምን ያህል እንደራቅሁ እንጂ የት እንዳለሁ አልነበረም። አምና አረፈች። ቤቱም ተሸጠ።

እዚህ የተወለደች ልጅ አለችኝ። እርሷ የምትለካው ከዚህ ደጃፍ፣ ከዚህች የበረዶ ከተማ ነው። የእኔን መስመር ታሪክ እየነገርሁ አሳያታለሁ፤ የእርሷን ግን ገና በቅጡ አላየሁትም። ቀሪ ዕድሜዬን የት እንደምኖር የምወስነው ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ሳውቅ ነው። ለጊዜው ከእርሷ ጋር ሰፈሩን በእግር እየዞርሁ፣ የመንገዶቹን ስም እያጠናሁ ነው።