30 ሞላሽ? ደሴት ሂጂ!

እናንተዬ፣ 30 ለሴት ልጅ ለምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው? ወንዱ 30 ሲሞላው “ገና ልጅ ነው፣ ይቋቋም” ይባላል። ሴቷ ስትሞላ ግን ሰፈሩ በሙሉ “መቼ ነው የምንጨፍርልሽ?” እያለ ያፋጥጣታል።

አንዲት ጓደኛዬ ይህ ቀን ሲደርስባት ጨነቃት። ቤት ብታከብረው የሚመጣውን ታውቀዋለች። ኬክ ይቆረሳል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፣ ከዚያ አንዷ እትዬ ጥግ ይዘዋት “የእገሊት ልጅ እኮ ሁለተኛዋን ወለደች” ይሏታል። ወጪውስ? ዘንድሮ ልደት ተበድሮ መደገስ ፋሽን ሆኗል። የሰው ወርቅ አያደምቅ!

“ደሴት እሄዳለሁ” ስትለን ሞሪሸስ መስሎን ሳቅን። እሷ ያሰበችው ግን ዝዋይን ኖሯል፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት።

አራት ሆነን አዋጣንና ቅዳሜ ባቱ ከተማ አደርን። የቆሮሶ ጥብሱን አልነግራችሁም! እሁድ ማለዳ በሞተር ጀልባ ወደ ትልቁ ደሴት፣ ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻገርን። የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የዛይ ሰዎች አገር ነው። ተራራው ላይ የማርያም ጽዮን ገዳም አለ። ዮዲት ጉዲት በተነሣች ጊዜ ጽላተ ሙሴ ከአክሱም ሸሽቶ የተጠለለው እዚህ ነው ይባላል።

ዳገቱ ላይ አረፍ እንዳልን አንዲት ባልቴት ጓደኛዬን “ልጅ ስንት አለሽ?” አሏት። ፊቷ ልውጥ አለ።

“የለኝም እማማ። ዛሬ 30 ሞላኝ።”

“እደጊ!” ብለው መረቋት።

“አመለጠሽ” ሲሏት የከረመች ልጅ “እደጊ” ስትባል ምን ትሁን? ስትስቅ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እኛም ዝም አልን።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ የጀልባውን ሂሳብ ሳትሳፈሩ፣ ደርሶ መልስ ብላችሁ ተስማሙ። የሕይወት አድን ጃኬት ካልሰጧችሁ አትሳፈሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ በጊዜ ተመለሱ። ዋና ደግሞ ይቅርባችሁ፤ ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አይጠፋም።

እናቷ “ልደትሽን ከእኔ ደብቀሽ!” ብለው አኩርፈዋል። ኩርፊያው ያልፋል፤ ኬክም ለከርሞ ይደርሳል። 30 ግን አንዴ ነው የሚሞላው። እናንተስ የት ልታከብሩት አስባችኋል?