ጎልያድ የተባለው ዓሣችን

ለመርከዝ ክሊታችን ነዋሪዎች በሙሉ፦

የኡልፓን ሞራችን ለዚህ ጋዜጣ እያንዳንዳችን ከምናውቀው ነገር አንድ እንድንጽፍ ብታዘን፣ እኔ ምን አውቃለሁና ብዬ ብዙ አሰብኩ። በትምህርት ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። የማውቀው ሸክላ መሥራትና ልጅ ማሳደግ ነው። ኋላ ግን ስለ ዓሣው ልጻፍ አልኩ። የዓሣው ነገር አንድ ሰሞን ሁላችንንም አነጋግሮን ነበርና።

ከኡልፓኑ ክፍል ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የመስተዋት ገንዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አኳርዩም ነው የሚሉት። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ነው። ልጄ በሒሳብ ደብተሩ አስልቶ “እማዬ፣ 63 ሊትር ይይዛል” አለኝ። ሦስት ጄሪካን ውኃ ማለት ነው። በመጀመሪያ ጉፒ የሚባሉ፣ ጅራታቸው እንደ ቀሚስ ጥለት ያሸበረቀ አሥራ አንድ ትንንሽ ዓሦች ነበሩበት። ሕፃናቱ ከትምህርት ሲመጡ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ እዚያ ይቆማሉ። አሮጊቶቹም ወንበር አስጠግተው ያያሉ። በኋላ አንድ ደግ ሰው ገንዳው ይድመቅ ብሎ ሌላ ዓሣ ጨመረበት። ግራጫ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ሰንበር ያለው፣ ግንባሩ ደፈፍ ያለ ዓሣ ነው።

ሰንበረ ብዙው ከገባ በኋላ ሰላም ጠፋ። ጉፒዎቹን ከዳር እስከ ዳር ያባርራል፣ ጅራታቸውን ይቀነጥሳል፣ ምግብ ሲበተን ማንንም አያስቀርብም። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱ ሞቱ። የቀሩት ከላይ ከውኃው ጠርዝ ላይ ተጣብቀው ይውላሉ። ልጆቹ ስሙን ጎልያድ አሉት። አስቀሎና የፍልስጥኤማውያን ከተማ እንደነበረች ተምረዋልና ስሙን ከሩቅ አላመጡትም።

ታዲያ ሸንጎ ሆነ። አንድ አዛውንት “አንዱ ጥጋበኛ መንደር ሲያውክ ዝም ይባላል? አውጥታችሁ ለድመት ስጡት” አሉ። ሌላው “ባሕሩ ቅርብ አይደለም እንዴ? ወስደን እንልቀቀው” አለ። አንዲት እናት ደግሞ “ነፍስ ነው፣ ሕፃናቱ ፊት አትግደሉት” አሉ። ኋላ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና “አንቺ የደምቢያ ልጅ አይደለሽም? የዓሣ አገር ሰው ነሽ፣ እስቲ ተናገሪ” አሉኝ። እኔም “አባ፣ እንዳሉት ጥጋብ ይሁን ሌላ፣ መጀመሪያ ጥቂት ቀን ልየው” አልኳቸው።

ያደግሁት እውነትም ደምቢያ ነው። መገጭ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት ብዙ አይርቅም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጭቃ ልናወጣ ስንወርድ ወንድሞቼ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው እኛ አንበላውም። ቆሮሶ ግን ቅርፊትም ክንፍም ስላለው ይበላል። ወንዱ ቆሮሶ የእንቁላል ጊዜ ሲደርስ ጥልቅ ባልሆነ ውኃ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ እንደ ምጣድ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል። ወደዚያች ጉድጓድ ሌላ ወንድ ዝር እንዲል አይፈልግም። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም የሚያስፈራ ነገር ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ያየ ሰው ቆሮሶን ክፉ አይለውም፤ ቤቱን የሚጠብቅ ዓሣ ነው። ጣና ደግሞ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ተሸናፊው ቆሮሶ ጅራቱን መትቶ ይሄዳል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። በእኛ ገንዳ ውስጥ ግን የተባረረው ጉፒ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ሄዶ ከመስተዋቱ ጋር ይላተማል። ተመልሶ ሲመጣ ያው ጎልያድ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ሄደን ልጄ አስተረጎመልኝ። ሻጩ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፣ ብዙ አስረዳን። የጎልያድ ወገን በዕብራይስጥ አምኑንዪም ይባላል። የኪኔሬት አምኑን፣ የጣና ቆሮሶ፣ በማላዊ ሐይቅ ያሉት ባለ ቀለም ዓሦች ሁሉ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። የእኛው ባለ ሰንበር የትውልድ አገሩ መካከለኛው አሜሪካ ነው። አድጎ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ጥንድ ሲሆኑ አባትና እናት ተረዳድተው ጫጩት ይጠብቃሉ፤ ያን ጊዜ ከእነሱ የሚበልጠውንም ቢሆን ይገጥማሉ። ለአንድ ጥንድ ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ይፈልጋሉ አለን። እኔም ሰማሁና “እሱም እንደ እኛ ቤት ጠቦታል” አልኩ። ሰውየው ሳቀ።

ባሕር ውስጥ ስለመልቀቅም ጠየቅሁት። የጣፋጭ ውኃ ዓሣ በጨው ባሕር አይኖርም፣ ይሞታል አለ። ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ መጣል ደግሞ ይብሳል። እውነቱን ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ የናይል ፔርች የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ከሌላ ቦታ አምጥተው ለቀቁበት። ከጊዜ በኋላ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ዓይነት ትንንሽ ዓሦች ጠፉ። እዚህ በሜዲትራኒያንም የስዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ የቀይ ባሕር ዓሦች ይገባሉ። አንዱ ዘሃሮን የሚባለው ባለ መርዝ እሾህ ዓሣ ነው። ሌላው ሲቆጣ እንደ ኳስ የሚነፋው፣ ሥጋው ሰው የሚገድል መርዝ ያለው ነው። ከባሕሩ ዳር መንጠቆ የምትጥሉ ወንድሞች፣ ይህን ልብ በሉ። የማታውቁትን ዓሣ ወደ ቤት አታምጡ፤ ቢቀቀልም መርዙ አይጠፋም።

በዚያው ሰሞን ኡልፓኑ ለጉብኝት ወደ አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ወሰደን። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ባለቀሰው ሙሾ ውስጥ ስሟ የተጠራው፣ ሶምሶንም የወረደባት አስቀሎና እዚያ ናት። ከነዓናውያን የሠሩትን የጭቃ ጡብ በር አየን። ከ3,800 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ላዩ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። ፍልስጥኤማውያን የኖሩባትን ከተማ የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በ604 ዓመት አፈረሳት። ከዚያ በኋላም ሌሎች መጡባት፣ ሠሩ። ቅጥሩን ሰላሃዲን በ1191 አስፈረሰ፤ ከተማዋን ባይባርስ በ1270 ጨርሶ አጠፋት። ከባሕሩ አጠገብ ደግሞ ጣፋጭ ውኃ የሚወጣባቸው የጥንት ጉድጓዶች አሉ። ሰው እንግዲህ ስለ በርና ስለ ውኃ ሲጣላ የኖረ ነው።

የእኔን ዓይን የያዘው ግን ገሉ ነው። በዚያ ቦታ ስትራመዱ ከእግራችሁ በታች የሸክላ ስባሪ ነው። ብድግ አድርጌ አየሁት። ሠሪው ጆሮውን ሲለጥፍ በአውራ ጣቱ የጫነበት ምልክት አለ፤ እኔም እንዲያው ነው የምለጥፈው። አጠገቤ የነበረች ጓደኛዬ “ለዓሣዎቹ መደበቂያ ይሆናል፣ ሁለት ሦስት እንውሰድ” አለች። አስጎብኚው ሰምቶ አይቻልም አለ። በ1978 በወጣው የቅርስ ሕግ ከእንዲህ ያለ ቦታ አንዲት ገል ማንሳት ክልክል ነው። እኔም መልሼ ከቦታው አኖርኩት። የሠሪው እጅ ያለበት ዕቃ እዚያው ቢኖር ደስ ይለኛል። የጓደኛዬ ሐሳብ ግን ጥሩ ነበር።

በማግስቱ ከሹክ አራት ትንንሽ የአበባ ማሰሮ ገዛሁ፤ ቀለም ያልተቀባ፣ እንዲሁ የተተኮሰ ሸክላ ነው። ያለ ሳሙና አጥቤ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሁለቱን ለሁለት ሰነጠቅሁና ስለታቸውን በድንጋይ ሞረድኩት፤ ዓሣ እንዳይቆርጥ። ጎልያድን በመረብ አውጥተን፣ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ፣ አየር የሚነፋውን ቱቦ አድርገንለት፣ ክዳኑን ከፈት አድርገን ለአራት ቀን ለብቻው አቆየነው። እሱ በሌለበት ድንጋዩን ሁሉ አነሳን። የእሱ ማዕዘን የነበረው ቦታ ጠፋ። ማሰሮዎቹን በጎን አጋደምናቸው፣ በመካከላቸውም ረጃጅም ተክል ተከልን፤ ከዚህ ዳር ያለው ከዚያ ዳር ያለውን እንዳያየው።

በአራተኛው ቀን መለስነው። ጎልያድ እንደ እንግዳ ሆነ። ቤቱን ቢፈልግ ቤቱ የለም። ጉፒዎቹ ግን ሰፈሩን ለምደውታል። ምግቡንም በሁለት ዳር መበተን ጀመርን፤ እሱ አንዱን ሲጠብቅ እነሱ ከሌላው ይበላሉ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም አልተነከሰም። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ማባረር ጀመረ፤ ግን የተባረረው ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ እሱም ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሞ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ አንድም ጉፒ አልሞተም።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልግባ። ልጄን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በዚያው ሰሞን የሚማርበት ትምህርት ቤት ጠራኝ። ልጁ ይማታል፣ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጎንደር ሆነን ወረፋ ስንጠብቅ ያደገ ልጅ ነው፤ እዚህ ደግሞ አንድ ጊዜ ተነቅሎ እንደገና ሊነቀል ነው። በስብሰባው ላይ መጋሼሬቷ እንድታስተረጉምልኝ ጠየቅሁና እንዲህ አልኩ። “ልጄ መማታቱ ልክ አይደለም፣ እኔም ቤት እቆጣዋለሁ። ግን ከማስወጣታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት እዩልኝ። ከማን ጋር ነው የሚጣላው? በስንት ሰዓት? የትኛው ቦታ ላይ?” አስተማሪዋ ጥሩ ሴት ነች፣ ጻፈችው።

ሲታይ ጠቡ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ነው። በዕረፍት ጊዜ፣ አንድ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ሦስት ክፍል በአንድ ላይ ሲወጣ ነው። “ኩሺ” እያሉ የሚነካኩትም ሁለት ልጆች ተገኙ። ሜዳው በተራ ሆነ። ከሁለቱ ልጆች ወላጆች ጋርም ተነጋገሩ። እኔ ቤቴ ውስጥ፣ ስድስት ሆነን በሁለት ክፍል ነው የምንኖረው፣ የልጄን አልጋ ዙሪያውን በነጠላ ጋረድኩለት። ታናናሾቹን “ይህ የወንድማችሁ ማኮም ነው፣ ሳታስፈቅዱ አትገቡም” አልኳቸው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር እዚያ ገብቶ መተኛት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛ።

ልጄ መልአክ ሆነ አልላችሁም። ባለፈው ወርም አንድ ቀን ተጣልቶ መጥቷል። ግን ከትምህርት ቤቱ አልወጣም፣ የሚያስወጣው ነገርም ቀርቷል።

ጎልያድ ግን አሁን ከእኛ ጋር የለም። እያደገ ሄደ፤ 63 ሊትር ውኃ ለእሱ መቼም አይበቃውም። ሻጩ በሱቁ ውስጥ እኩዮቹ ያሉበት ትልቅ ገንዳ አለኝ ብሎ ተቀበለን። የወሰደው ልጄ ነው፤ በውኃ ከረጢት አድርጎ፣ እንዳይበርደው በጃኬቱ ሸፍኖ። ሲመለስ “እማዬ፣ እዚያ እሱ ትንሹ ነው” አለኝና ሳቀ። ያን ሽማግሌ አባታችንንም አግኝቼ “አባ፣ ለድመት ሳይሰጥ ቀረ” አልኳቸው። “ለካ አንዳንዱን ጥጋበኛ ቦታ ነው የሚያጠግበው” አሉኝ።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ዓሣን ወደ ሱቅ መመለስ ይቻላል፣ ዓሣውም ይጠቀማል። ልጅን ግን ወደየትም አንመልሰውም፤ ልጅ ይሰማል፣ ይማራል፣ ይቅርታ ይላል። ስለዚህ በአንድ ቤት ወይም በአንድ ክፍል ጠብ ሲበዛ፣ ማን ጥፋተኛ ነው ከማለት ጋር ቦታውንም እንይ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የሚነሳው ጭቅጭቅም በእኔ ግምት ከሰው ክፋት አይደለም፤ ለሠላሳ ቤተሰብ ሁለት መኪና ብቻ ስላለ ነው። ለእሱም የተራ ወረቀት በሩ ላይ ብንለጥፍ ምን ይመስላችኋል? ማሰሮ መግዛት አያስፈልገውም።

በመጨረሻ ስለ ገንዳው። ጉፒዎቹ ወልደው አሁን ሃያ ሦስት ሆነዋል፤ ከእንግዲህ ማንም ሰው ሳይጠይቅ ዓሣ እንዳይጨምርብን እለምናለሁ። በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡ ይቀየራል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ከጠርሙሱ ጠብታውን ሳታደርጉ አትጨምሩ። ሳሙና በፍጹም። ምግቡ በጣት ቆንጠር ብቻ፣ በሁለቱም ዳር። የዚህ ሳምንት ተረኞች የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ናችሁ፤ ባልዲው ከበሩ ጀርባ አለ።

ሻሎም ሁኑ።