ሽንት ሲያቃጥል፦ አገር ቤት ተልባ፣ ጀርመን የፊኛ ሻይ

«ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ይሆናል፤ ብርድ ነው!» አገር ቤት ሽንቷን ያቃጠላት ሴት ይህን ሳትሰማ አትቀርም። ከዚያ ተልባ ይበጠበጥላታል፣ ወይም ገብስ ተቀቅሎ ውሃውን ትጠጣለች። የሚገርመው የጀርመን አያቶችም የልጅ ልጆቻቸውን ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አትቀመጪ እያሉ ማሳደጋቸው ነው። እዚህም ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ «የፊኛና የኩላሊት ሻይ» ተደርድሯል፤ አንቲባዮቲክ ግን ያለ ሐኪም ማዘዣ አይገኝም። አዲስ አበባ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ ጠይቆ ያለ ማዘዣ መግዛት ብርቅ አይደለም። እንግዲህ የባህል መድኃኒተኛው ማን ነው?

ጀርመኖች ኡቫ ኡርሲ የሚባለውን ቅጠል በጣም ያምኑበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የራሳቸው ጥናት 398 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ቅጠሉን ከአንቲባዮቲክ ጋር አወዳደረ። ቅጠሉን የወሰዱት ብዙዎቹ አንቲባዮቲክ ሳያስፈልጋቸው ዳኑ። ሕመሙ ግን በረታባቸው፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት የወጣባቸውም 8 ነበሩ፤ በሌላው ወገን 2 ብቻ።

ክራንቤሪ የተባለው ፍሬ የተሻለ ማስረጃ አለው። ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች መረብ በ2023 ሃምሳ ሙከራዎችን መርምሮ፣ ሕመሙ በሚመላለስባቸው ሴቶች ላይ አደጋውን በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። ለነፍሰ ጡሮች ግን ጥቅሙ አልታየም። ደግሞም የሚከላከል እንጂ የያዘውን የሚያድን አይደለም። ለዚሁ መከላከያ የሚሸጠው ውዱ የዲ ማኖዝ ዱቄት በ2024 በብሪታንያ በ598 ሴቶች ላይ ሲሞከር ከማስመሰያ መድኃኒት የተለየ ውጤት አላመጣም።

እኔን የማረከኝ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ሕመሙ የሚመላለስባቸውና ውሃ የማያበዙ 140 ሴቶች ነበሩ፤ ግማሾቹ በየቀኑ 1.5 ሊትር ውሃ ጨመሩ። በዓመቱ ያልጨመሩት በአማካይ 3.2 ጊዜ ሲታመሙ የጨመሩት 1.7 ጊዜ ብቻ ታመሙ። ያ በትልቅ ጣሳ የሚቀርበው ተልባ አብዛኛው ውሃ አይደል? እናቶቻችን «ደግመሽ ጠጪ» ሲሉ ሳያውቁት ጥሩውን ክፍል ይዘውት ነበር እላለሁ፤ ለተልባው የራሱ ምስጋና ግን ገና አልሰጥም።

ትኩሳት፣ የጎን ውጋት ወይም ማስመለስ ከመጣ ግን፣ ወይም ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ሻይ ማፍላቱን ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ከአገር ቤት በሽሮና በበርበሬው መሃል ተሸጉጦ የመጣው ሲፕሮም አይተካውም፤ ሲፕሮ የማይበግረው ባክቴሪያ አገር ቤትም እዚህም አለ።