የዶር ካውንቲ ቅጠልና የውኃ ዳር ጉዳይ

ዛሬ ከገጽ ወደ ገጽ ሲዘዋወር የዋለው የጠመዝማዛው መንገድ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዶች እንደጠረጠሩት፣ በኮምፒውተር የተፈበረከ አይደለም። መንገዱ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት፣ በዶር ካውንቲ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሀይዌይ 42 ኖርዝፖርት ከሚባለው የጀልባ ወደብ ደርሶ ከማለቁ በፊት የሚገኝ ሲሆን፣ በእርግጥም እንደዚያ ይጠማዘዛል፤ በግራና በቀኙ የቆሙት ዛፎችም በፈረንጆች ኦክቶበር አጋማሽ፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት መግቢያ ገደማ፣ በእርግጥም ይቀላሉ። ተጨምሮበታል ሊባል የሚችለው የቀለሙ ድምቀት ብቻ ነው፤ ሜፕል የተባለው ዛፍ ምንም ቢቀላ የበርበሬ ስጥ አያህልም። በአካባቢው ሰዎች ዘንድ በሰፊው እንደሚነገረው፣ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችል የነበረውን መንገድ እንዲህ ያጠማዘዘው በዴንማርክ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው የመልክዓ ምድር አርክቴክት ጄንስ ጄንሰን (1860–1951 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ዓላማውም ተጓዡ ፍጥነቱን ቀንሶ ጫካውን እንዲያይ ነበር ይባላል። ተጓዡ ፍጥነቱን መቀነሱ አልቀረም፤ እንዲያውም ጨርሶ ቆሞ ከአስፋልቱ መሐል ፎቶግራፍ መነሣት ጀምሯል። መንገዱ ሲያልቅ የሚጀምረው የውኃ መተላለፊያ በሰጠሙበት መርከቦች ብዛት የታወቀ፣ «የሞት በር» የሚል ስም ያለው ሰርጥ ነው፤ ካውንቲውም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ከመታጠፊያው መሐል ቆሞ የሚነሣ ሰው ግን ወደዚህ በር ለመድረስ ጀልባ አያስፈልገውም።

ካውንቲ ማለት በአሜሪካ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ሲሆን፣ ዶር ካውንቲ ባመዛኙ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በምሥራቁ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጣናን ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ የሚበልጠው የሚሺጋን ሐይቅ፣ በምዕራቡ ደግሞ የዚሁ ሐይቅ ክንድ የሆነው የግሪን ቤይ ባሕረ ሰላጤ ይገኛሉ። የዚህን ምድር መልክ የወሰነው ኒያጋራ ኢስካርፕመንት ይባላል፤ ኢስካርፕመንት ሲባል በአንድ ወገኑ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ በሌላው ወገኑ ደግሞ በዝግታ እየተንሸራተተ የሚወርድ የዓለት ሸንተረር ነው። ከ400 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት በጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ሥር የተከማቸ፣ ዶሎማይት የሚባል የኖራ ድንጋይ ዘመድ ከዊስኮንሲን ተነሥቶ በካናዳ በኩል እስከ ኒው ዮርክ ይዘልቃል፤ የኒያጋራ ፏፏቴ የሚወረወረውም ከዚሁ ዓለት ላይ ነው። በዶር ካውንቲ ገደሉ ያለው በምዕራቡ ዳርቻ ስለሆነ ከከፍታ ላይ ሆኖ ውኃ ማየት የሚሻ ሰው በሀይዌይ 42 ይሄዳል፤ አሸዋና ረግረግ የሚሻው ደግሞ በምሥራቁ በሀይዌይ 57።

ቅጠሉ ለምን ይቀላል ለሚለው የአስተያየት ሰጪዎች ጥያቄ መልሱ ሁለት ክፍል አለው። ክሎሮፊል፣ ይኸውም ዕፅዋት የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብ የሚለውጡበት አረንጓዴ ንጥረ ነገር፣ ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ መመረቱ ይቆማል፤ በዚህ ጊዜ ካሮቲኖይድ የተባለው ቢጫ ቀለም፣ በጋውን ሁሉ በአረንጓዴው ተሸፍኖ የኖረው፣ ይገለጣል። ቀዩ ግን ተደብቆ የኖረ ሳይሆን አዲስ የሚሠራ ነው፤ አንቶሳያኒን ይባላል፣ ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ሳይነካው ቀዝቃዛ ሲሆን በቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር ይመረታል። ግዙፉ ሐይቅ በበጋ ያጠራቀመውን ሙቀት በመከር ቀስ እያለ ስለሚለቅ የመጀመሪያው ውርጭ ወደ ባሕረ ገብ መሬቱ ይዘገያል፤ ካውንቲው በቼሪና በፖም እርሻ እንዲታወቅ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ሐይቁ የአየሩን ጠባይ ማለዘቡ ነው።

በመኪና ለሚጓዝ ሰው ዋናው ማረፊያ በ1909 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፔኒንሱላ ግዛት ፓርክ ሲሆን፣ በውስጡ በ1868 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኢግል ብላፍ መብራት ቤት፣ ማለትም መርከቦችን ከዓለት የሚያስጠነቅቅ የመብራት ማማ፣ እንዲሁም ኢግል ታወር የተባለው የእንጨት ማማ ይገኛሉ። አሮጌው ማማ አርጅቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ በኋላም ፈርሶ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በተከፈተው አዲሱ ላይ ግን ደረጃ ብቻ ሳይሆን በዛፎቹ መሐል እየዞረ የሚወጣ ረጅም መወጣጫ ተጨምሮበት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም ከጫካው አናት ላይ ሐይቁን ማየት ችሏል። ከፓርኩ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደተነዳ በምትገኘው ሲስተር ቤይ ጣሪያው በሣር የተሸፈነ አንድ የስዊድን ምግብ ቤት አለ፤ በጣሪያውም ላይ ፍየሎች ይግጣሉ። ቱሪስቱ ፍየሎቹን በካሜራ ሲያነሣ፣ ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው ደግሞ በዓይኑ እየመዘነ ለበዓል ስንት ያወጡ እንደነበር ያሰላል፤ ይህም በሳይንስ የተረጋገጠ ባይሆንም የሚያከራክር አይደለም።

ፎቶግራፉ ይህን ያህል የተወደደበት ምክንያት ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም። የተወሰነ ዕድሜ ላይ የደረሰ የከተማ ሰው ይህን ሥዕል አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕልና ከምርቃት ፎቶ አጠገብ፣ ቀይ ጫካና ሰማያዊ ሐይቅ የሚያሳይ ፖስተር ተለጥፎ አድጓል፤ ፎቶ ቤትም ሲወሰድ በስተኋላው የተዘረጋው መጋረጃ ይኸው የማንም አገር ያልሆነ ሐይቅ ነበር። ሕፃኑ የዓመት በዓል ልብሱን ለብሶ፣ ፀጉሩ በቅባት ተኝቶ፣ ክራቫቱ አንገቱን አንቆት፣ በሕይወቱ ረግጦት በማያውቀው የወደቀ ቅጠል ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ የሚያስቅ ነው፤ የማያስቀው ግን እንዲህ ያለው መጋረጃ እንደ ቢሾፍቱ ባለ ከተማም መሰቀሉ ነው። ቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ ውኃ ሞልቶ የፈጠራቸው በርካታ ሐይቆች ያሏት ከተማ ናት፤ በመስከረም ማለቂያ፣ ዝናቡ ቆሞ ገደሉ አረንጓዴ ሳለ፣ ሐይቁን ከላይ ሆኖ ማየት የትኛውንም ፖስተር ያስንቃል። ችግሩ ከላይ ሆኖ የሚያዩበት ቦታ ማግኘቱ ላይ ነው። የገደሉ አፋፍ በብዙ ስፍራ በሆቴል፣ በሎጅና በግል ግቢ አጥር የተያዘ በመሆኑ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጅ የከተማውን ሐይቅ ለማየት በበሩ ተፈትሾ መግባትና አንድ ማኪያቶ ማዘዝ ይኖርበታል፤ የማኪያቶው ዋጋ ደግሞ ለቡና የሚከፈል አይደለም፣ የእይታ ግብር ነው። ኢንቨስትመንት አይምጣ የሚል ማንም የለም። ነገር ግን ለእግረኛ የሚሆን አንድ ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በአጥሩና በገደሉ መሐል ቢተው ኖሮ ማን ይከስር ነበር? በአባይ በረሃ ቁልቁለት ላይስ፣ ሾፌሩ በመታጠፊያው ላይ ከጎማው ሥር ድንጋይ ደቅኖ ተሳፋሪውን «እዩ» ከሚል፣ መኪና በደኅና የሚቆምበት ጥቂት ጠፍጣፋ መሬት በመንገዱ ዳር ቢዘጋጅ ምን ይጎድል ነበር?

በዶር ካውንቲም ቢሆን ነገሩ በራሱ የተገኘ አይደለም። ካውንቲው 480 ኪሎ ሜትር ያህል የውኃ ዳርቻ አለው ይባላል፤ አብዛኛውም በግል የተያዘ ነው፣ ስለዚህ አጥር የሌለበት አገር አድርጎ መሳል ስሕተት ነው። ልዩነቱ አንዳንዱ ቁራሽ በጊዜው መትረፉ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በቤይሊስ ሃርበር የመብራት ማማዎች የነበሩበት የመንግሥት መሬት ለተጎታች ቤቶች ማቆሚያ ሊውል ሲል፣ ኤማ ቶፍት የተባለችው የአካባቢው ተወላጅ፣ ያው ጄንሰን፣ ሌሎችም ተባብረው ሪጅስ የተባለውን የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ መሠረቱ። ሪጅስ የሚሺጋን ሐይቅ በረጅም ዘመን እየሸሸ ሲሄድ ተራ በተራ የተዋቸው ሠላሳ ያህል የአሸዋ ጉብታዎች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው በሚገኘው ረግረግ ታማራክ የሚባል ዛፍ ይበቅላል፤ ታማራክ የጥድ ወገን ሆኖ ሳለ በመከር ወርቃማ ቢጫ ሆኖ መርፌ መሳይ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ይህም ሜፕሉ ከረገፈና ባለካሜራው ከተበተነ በኋላ ስለሆነ ጥቂቶች ብቻ ያዩታል። ማየት የሚገባውም እርሱ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው የኬቭ ፖይንት የካውንቲ ፓርክ፣ ማዕበሉ የዶሎማይቱን ገደል ከሥር ቦርቡሮ ዋሻ ያወጣበት ስፍራ፣ መግቢያ አያስከፍልም፤ በሰሜን ጫፍ የሚገኘው የኒውፖርት ግዛት ፓርክ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ፣ ማለትም የከተማ መብራት ስለማይደርስበት ከዋክብት በግልጽ የሚታዩበት ጥብቅ ስፍራ፣ ተብሎ ዕውቅና አግኝቷል። ባሕረ ገብ መሬቱን በአንድ ቀን ዞሮ ማታውኑ ወደ ሚልዋኪ ወይም ወደ ቺካጎ ለመመለስ የሚጣደፍ መንገደኛ ይህን ሰማይ አያየውም፤ የሚያየው የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት ነው።

ጀልባውን ይዞ የሞት በርን የሚሻገር ሰው ከ1870 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይስላንዳውያን የሰፈሩባትን የዋሽንግተን ደሴት ያገኛል። በደሴቲቱ ሰሜን ስኩልሃውስ ቢች የሚባል ዳርቻ አለ፤ አሸዋ የለበትም፣ ውኃው ለብዙ ዘመን እያንከባለለ ያለሰለሳቸው ነጫጭ ድንጋዮች ናቸው። ሐይቁን በነጻ ማየት፣ በድንጋዮቹ ላይ መቀመጥ፣ ፎቶ መነሣትም ይቻላል። ድንጋይ በኪስ ከትቶ መሄድ ግን ያስቀጣል።